በንጹሕ እጅ ስለማገልገል፦ ምክር ለአዲሱ የሰበካ ጉባኤ ተመራጭ

ወንድሜ፣ እንኳን ለዚህ አበቃህ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስምህ ሲጠራ ሕዝቡ እልል ያለው በከንቱ አይደለም። የ3 ዓመት አደራ ተሸክመሃል። በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግራ የተጋባ ብዙ ሰው አይቻለሁና እንዳትቸገር ጥቂት ልምከርህ። ቀስ ብለህ አንብብ። ሁሉንም ዛሬውኑ ልፈጽም አትበል።

በራስህ ጀምር። ጹም። ረቡዕና ዓርብን አትሻር። ነጠላህን መስቀለኛ አጣፋ። ቅዳሴ ላይ ከፊት ቁም። ከፊት የቆመን ሰው ሕዝቡ ሁሉ ያየዋል። ከኋላ የቆመውን የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ እጅ አያወጣም።

ቀጥለህ ቃለ ዓዋዲውን ግዛ። በ1965 ዓ.ም. ወጥቶ ኋላም የተሻሻለው ይህ ደንብ ካህናቱን፣ ምእመናኑንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ የደብሩን ሀብት በጋራ እንዲጠብቁ ያዘዘ ነው። መልካም መጽሐፍ ነው። ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጠው። እንግዳ ሲገባ ቢያየው ደስ ይለዋል። ለመክፈት ግን አትቸኩል። ስለ ገቢና ስለ ወጪ፣ ስለ ቁጥጥርም የተጻፈውን ያነበበ ሰው ጥያቄ ያበዛል፤ ጥያቄ ሲበዛ ፍቅር ይቀዘቅዛል።

አሁን ወደ ሙዳየ ምጽዋቱ እንሂድ። ቅዳሴ ከ5 ልዑካን ባነሰ እንደማይቀደስ ታውቃለህ። 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት የግድ ናቸው። አንድ ዲያቆን ቢጎድል ሕዝቡ በብርድ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ ሥርዓቱ አይጓደልም። ይህን አክብር። ቆጠራ ግን ቅዳሴ አይደለም። የሣጥኑ ሦስት ቁልፎች በሦስት ሰው እጅ መሆናቸው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ባለቁልፍ ለቅሶ ይገጥመዋል፣ ሌላው ሥራ ውሎ ይደክመዋል። ቁልፋቸውን አደራ ሲሉህ እሺ በል። ሸክም መሸካከም የክርስቲያን ወግ ነው። ሦስቱ ቁልፎች በአንድ ቀለበት ሲገቡ የጉባኤያችን አንድነት በዓይን ይታያል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዝ አልፈቀደም። ነቀፋ እንዳይመጣ ብሎ የተመሰከረላቸውን ወንድሞች ጨመረ። ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው 2ኛ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ አለልህ። ይህን የሚያነሳ ሰው ስብሰባ ላይ ቢነሳ አትቆጣው። ጳውሎስ የኛን ደብር ሰዎች አያውቃቸውም ነበር በለው፤ ይበቃል። የሐዋርያቱን ከረጢት ይይዝ የነበረው ማን እንደ ሆነ ከዮሐንስ ወንጌል ሊያነብ የሚነሳ ካለ ግን ወዲያው ስብሰባውን በጸሎት ዝጋ። ገንዘብ ያዣችን ሆደ ባሻ ነው።

ካሜራም አስገጥም። ጌታ ራሱ በምጽዋቱ ሣጥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰዎች ሲጥሉ ይመለከት ነበር፤ ያችን ድኻ መበለትም ያያት እዚያ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ሰጪዎቹ አዙረው። ቆጠራ ክፍል ውስጥ ግን አታስገባው። ብር የሚቆጥር ሰው እያዩት ሲቆጥር ይደናገጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይሳሳታል። እኛ የምንፈልገው ትክክለኛ ሒሳብ ነው።

የንግሥ ዕለት የተለየ ትጋት ይጠይቃል። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ሲቆም ድምፅ ማጉያው ያንተ ነው። ስለት ያገባውን ሁሉ በየማዕረጉ አስተዋውቅ። ወርቁን በግራም፣ ምንጣፉን በሜትር ተናገር። ብር ከሆነ እንደ ብሩ መጠን ድምፅህን ከፍ አድርግ። እፍኝ ዕጣን በመሐረብ ቋጥረው ለመጡት እናት “እና ሌሎችም” ብለህ እለፍ። ከውዳሴ ከንቱ ትጠብቃቸዋለህ።

ስለ ጧፍና ስለ ጥላ ትንሽ ልዘግይ፤ አዲስ ተመራጭ ሁሉ የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነው። ምእመኑ ከበራችን ላይ ካለው የንዋያተ ቅድሳት ሱቅ አንድ እስር ጧፍ ይገዛል። ስሞ ያስረክባል። የመጣውን ጧፍ ሁሉ ላብራ ብትል መቅደሱን በእሳት ታስበላዋለህ። እንግዲያው በጓሮ በር ወደ ሱቁ መልሰው። ማምሻውን ሌላ ሰው ይገዛዋል፤ እሱም ስሞ ያስረክባል። ጥላውም እንዲሁ ነው። በጨረታ ይሸጣል፣ በሚቀጥለው ንግሥ ስለት ሆኖ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሸጣል። ላስቲኩ ሳይወልቅ ስንት መካን ያስወለደ፣ ስንቱን ለቪዛ ያበቃ ጥላ አለ መሰለህ! ዝናብ የሚባል ነገር አያውቅም። በምንም ምክንያት ላስቲኩን አትቅደድ። መዝገብ ላይ ስታሰፍረው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ጻፈው፤ ጥላው አንድ ነውና፣ አሥር ጊዜ መጻፍ ውሸት ይሆንብሃል።

ሱቅ ካነሳን አይቀር፣ በአጥሩ ዙሪያ ያሉትን ለዘመድ በረከስ ባለ ዋጋ አከራይ። ዘመድህ በእጥፍ ለሌላ ቢያከራየው የራሱ ትጋት ነው።

ሕንፃውን አታስጨርስ። መቃኞው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲወርድበት የወንጌሉ ንባብ አይሰማም። ሕዝቡ አንጀቱ ይላወሳል፤ ያዘነ ሕዝብ እጁ ይፈታል። ጉልላቱ የተሰቀለበት ቤተ ክርስቲያን ምን እንደሚገጥመው ታውቃለህ? ሰዉ ለመጸለይ ብቻ ይመጣበታል።

ተግሣጽንም አትርሳ። ከታች ጀምር። ማሕሌት ያረፈደውን ዲያቆን ከደመወዙ ቁረጥበት። ከዝክሩ ዳቦ አንድ ቁራሽ ሸሽጎ የተገኘውን የአብነት ተማሪ በሕዝብ ፊት አቁመው። ልጁ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ይልሃል። ቆራቢ 18 ሰዓት እንደሚጾም በፍቅር አስታውሰው። አትራራለት። ዛሬ ካልታረመ ነገ አድጎ ሰበካ ጉባኤ ሊመረጥ ይችላል።

አንድ ቀን ደግሞ ኦዲት ይደረግ የሚል ይነሳል። ደስ ይበልህ። ከማንም ቀድመህ እጅህን አውጣ። ቀኑን ብቻ በጥንቃቄ ምረጥ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወንድምን መመርመር አይገባም፤ እያንዳንዱ የራሱን ኃጢአት ይመርምር። ከትንሣኤ በኋላ 50ው ቀን በዓለ ሃምሳ ነው፤ በደስታ ወራት ሰው ማስከፋት ደግ አይደለም። እሱ ሲያበቃ ጾመ ሐዋርያት ይገባል። ነሐሴ ሲብት ፍልሰታ ነው። ሱባኤ የገባን ገንዘብ ያዥ ካርኒህን አምጣ ማለት ከጸሎቱ ማናጠብ ነው። መስከረም እንቁጣጣሽና መስቀል አለ። ጥቅምት በማኅሌተ ጽጌ ያልቃል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ነው። ልደትና ጥምቀት አልፈው እፎይ ስትል ነነዌ ከተፍ ትላለች፤ ከነነዌ ወዲያ ሁዳዴ ደጅ ላይ ነው።

ባሕረ ሐሳቡን ይዤ ስፈልግልህ አምሽቼ አንድ የተመቸ ቀን አገኘሁ፤ ጳጉሜን 6። በ4 ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ላይ ትመጣለች። ቃለ ጉባኤ ላይ በጉልህ አስጽፋት። ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ የተመረጥክ ከሆነ ዮሐንስን፣ ማቴዎስንና ማርቆስን አገልግለህ ሉቃስ ከመግባቱ በፊት በሰላም ትወርዳለህ። በሌላ ዘመን ተመርጠህ ቀኗ ብትደርስብህም አትጨነቅ። ማለዳ ተነስተህ ኦዲተሩን በመኪናህ ወደ ጠበል ውሰደው። ጳጉሜን ነው፤ እሱም ነፍስ አለው፣ ይጠመቅ። ለነዳጁ ግን ደረሰኝ ተቀበል። ያለ ደረሰኝ ወጪ አናወራርድም።