የስልክን አንደበት ለማስተካከል የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ከባሕር ዳር ጎንደር ከሚወስደው መንገድ የደብረ ታቦሩ በሚገነጠልባት በፎገራዋ ወረታ፣ ቴሌብር ሥራ ከጀመረበት ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ የሞባይል ገንዘብ በሩዝ ገበያው እየተለመደ በመምጣቱ፤

አይሱዙው ሩዙን ጭኖ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ የአንዳንዱ ገዢ ስልክ «ስህተት ተፈጥሯል፤ ቆይተው ይሞክሩ» ብሎ፣ ብሩ ይውጣ አይውጣ ሳይናገር ዝም ስለሚል፤

ኤክስ-ጅግናን ከሌላው የሩዝ ዝርያ አበጥሮ የሚያውቅ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ባለበት በፎገራ፣ ስልክ የተከፈለን ካልተከፈለ መለየት ሊያቅተው ስለማይገባ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «ብሬ የት ገባ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ቆይተው» ማለት በደቂቃ የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ የሚቀጥለውን አዝመራ አይጨምርም።

አንቀጽ 3. ግዴታ
ስላልተሳካ ክፍያ የሚላክ መልእክት ክፍያው ምን እንደገጠመው፣ ብሩ የት እንዳለ፣ ባለቤቱም ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራል። ለምሳሌ፦ «ክፍያው አልተላከም፤ ብርዎ ከሒሳብዎ አልወጣም፤ ኔትወርክ ሲመለስ እንደገና ይላኩ»።

አንቀጽ 4. ስለ ምስጋና
በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ነው። «ውድ ደንበኛችን አገልግሎታችንን ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» ክፍተቱ ተቆጥሮ 35 ይበላል። የአንቀጽ 3 ምሳሌ ግን በ50 ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሩ፣ ቦታ ከተረፈ ምስጋናው።

አንቀጽ 5. ስለ ሰዓት
«እስከ 12 ሰዓት ይክፈሉ» የሚል መልእክት የጠዋቱን ይሁን የማታውን፣ ወይስ ፈረንጅ የሚቆጥረውን እኩለ ቀን፣ ለይቶ ይጻፍ።

አንቀጽ 6. የተከለከሉ ተግባራት
1. «ክፍያው ይሰረዝ?» ብሎ ጠይቆ «እሺ» እና «ሰርዝ» የሚሉ ሁለት ቁልፎች መደርደር፤
2. የእናት ዕድሜ ያላቸውን የሩዝ ነጋዴ «አስገባ» ብሎ ማዘዝ። «ያስገቡ» ለሴትም ለወንድም ለታላቅም ይበቃል።

አንቀጽ 7. ቅጣት
ይህን አዋጅ የተላለፈ የመልእክት ጸሐፊ ሐምሌ ላይ የርብ ወንዝ ሜዳውን ሲሞላው ጭቃ ገብቶ ሩዝ ያርማል። ሩዙን ከአረሙ ጋር ከነቀለ «ስህተት ተፈጥሯል» ይባላል፤ የትኛው እንደሆነ አይነገረውም።

አንቀጽ 8. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከታወጀበት ዕለት ጀምሮ የጸና ይሆናል። የማይስማማ «እሺ» የሚለውን ይጫን፤ ሌላ ቁልፍ አልተዘጋጀም።