አቦ፣ ጀጎልን በሲሚንቶ አትለስነው!

«ይሄ ግንብ አርጅቷል፤ ሲሚንቶ ይለሰንና ይጠንክር» ትለኛለህ። አቦ፣ ተው! አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነባው የሐረር ግንብ፣ ጀጎል፣ ከ400 በላይ ክረምት ያለፈው ሲሚንቶ ሳይነካው ነው። ድንጋዩን ያያያዘው ጭቃ ነው። ጭቃ ዝናብ ቢጠጣ ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይተነፍሰዋል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል፤ እርጥበቱ ውስጥ ይቀርና ጭቃው ይላላል፤ ልስኑ ከውጭ ሲያምር ግንቡ ከውስጥ እያበጠ ይሄዳል። አንድ ቀን ሲናድ «ድሮም አርጅቶ ነበር» እንዳትለኝ፤ ያፈነው ልስንህ ነው።

«ታዲያ በየዓመቱ ጭቃ ላቡካ?» አዎ፣ አቡካ! እናቶቻችን የቤታቸውን ግድግዳ ኖራ እየቀቡ ያቆዩት በየዓመቱ አይደል?

«ጭቃና ድንጋይ የሚያውቅ ግንበኛ ጠፋ።» ያሉት ሳያልፉ ወጣት ከጎናቸው አቁም፤ ለሁለቱም ደህና ደመወዝ ክፈል።

«ከግንቡ ሥር ያለው ቀዳዳ ይደፈን፤ ጅብ ያስገባል።» እንዲገባ ነዋ የተተወው! ሌሊት ይገባል፣ የመንገዱን አጥንትና ትራፊ ለቅሞ ይወጣል።

«ነደባው፣ የቤቱ መቀመጫ መደብ፣ ቦታ ፈጀ፤ ይፍረስና ሶፋ ይግባ።» ሽማግሌው፣ እንግዳው፣ ልጁ የት የት እንደሚቀመጡ ግንበኛው ቤቱን ሲሠራ ለይቶታል። አምስቱን ነደባ አፍርሰህ የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌ ጋር፣ አለኝ አትበለኝ፤ የቀረህ አዳራሽ ነው።

«የራምቦ ቤት ግን ግሩም ነው።» ግሩም ነው፣ አልከራከርህም። ግን ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ ሐረርን የለቀቀው በ1883 ዓ.ም. ሲሆን ይህን ቤት የሠራው ከእሱ በኋላ የመጣ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ጎብኚውን ስታስጎበኝ የሠራውንም ሰው ንገረው፤ ሥራው የእሱ ነውና።

«ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. መዝግቦታል፤ እነሱ ይጠግኑት።» ምዝገባ ዝናብ አያቆምም፣ ወንድሜ! ከግንቡ ሥር የተደፈነውን ቦይ የምትጠርገው አንተ ነህ፣ እዚያው የምትኖረው። ገንዘቡን ደግሞ ክልሉ በበጀቱ ይያዝ፤ ይህንንም ስብሰባ ስትገባ ጮክ ብለህ ተናገር።

«እስቲ ክረምቱ ይለፍና።» ክረምቱ ካለፈ የምንጠግነው የተናደውን ነው። ጭቃው በበጋ ይቦካ፣ ግንበኛውም በበጋ ይጠራ።