ሰውን በከንቱ ማመላለስን ለመከልከል የወጣ አዋጅ

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ። እኛ፣ ማንም ያልመረጠን፣ ማኅተም የሌለን፣ ግልባጭ የምናደርግለት መሥሪያ ቤት ያጣን፣ ነገር ግን በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በሾኔና በአንጋጫ በየሱቁና በየቢሮው ደጅ የሚቆመውን ሕዝብ ድካም የተመለከትን፣ የሚከተለውን አውጀናል። አዋጁ «የቁርጥ ንግግር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥር የለውም፤ ቁጥር የሚሰጠው ባለሙያ መስክ ወጥቷል ተብለናል፣ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልተገኘም።

ይህን አዋጅ ማውጣት ያስፈለገው በአገሩ አንደበተ ርቱዕ ሰው ስለጠፋ አይደለም። ደንበኛው ገና ደፉን ሳያልፍ የቤተሰቡን፣ የከብቱንና የዝናቡን ደህንነት አንድ በአንድ ለሚጠይቅ ነጋዴ የንግግር ሥልጠና መስጠት ለቀባሪ ማርዳት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከሰላምታው በኋላ ነው። ዋጋው ስንት ነው ሲባል «አንጣላም»፣ መቼ ይደርሳል ሲባል «ሰሞኑን»፣ ይሆናል ወይስ አይሆንም ሲባል «እስቲ ብቅ በል» ይመጣል። ሦስቱም ጨዋ መልሶች ናቸው፤ ሦስቱም ምንም አልተናገሩም። ስለዚህ በንግድ ቦታ መግባባት ማለት ዋጋን፣ ቀንንና እምቢታን ቁርጥ አድርጎ መናገር ነው ብለን ደንግገናል። የቀረው፣ ከረባቱም፣ ፓወር ፖይንቱም፣ በስብሰባ መሀል ጣል የምትደረገው የእንግሊዝኛ ቃልም፣ ጌጥ ነው። ጌጥ አልከለከልንም።

ቁርጥ ንግግር የፈረንጅ ጠባይ ነው፣ ከእኛ ባህል ጋር አይሄድም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃዋሚው እሑድ ከሰዓት ወደ እቁቡ ብቅ ብሎ ራሱን ይታዘብ። መዋጮው ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚጣል፣ ዳኛውና ጸሐፊው እነማን እንደሆኑ፣ እቁብ የደረሰው ሰው ማንን ዋስ እንደሚጠራ ሁሉም አብጠርጥሮ ያውቃል። «ሰሞኑን እጥላለሁ» ያለ እቁብተኛ በሚቀጥለው ዙር ስሙ አይጠራም። እድሩም እንዲሁ ነው፦ ከቀብር መቅረት ስንት እንደሚያስቀጣ በደንብ ተጽፏል፣ ጸሐፊውም ዘመድ አይለይም። በሀዲያም ሆነ በከምባታ ሴራ በሚባለው ነባር ሥርዓት ሽማግሌ ፊት የቆመ ሰው ማን ምን እንዳደረገና ምን እንደሚፈልግ ለይቶ እንዲናገር ይጠበቅበታል፤ «እስቲ እናያለን» ብሎ የሚታለፍ ሽምግልና የለም። እንግዲህ ያው ሰውዬ እሑድ የደረሰበትን ጥራት ሰኞ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ምን አደረገው?

ቋንቋ ነው የሚሉ አሉ። ገበያው ላይ ሀዲይሳው፣ ከምባትሳው፣ አማርኛው፣ ከጉራጌና ከስልጤ፣ ከወላይታም የመጣው ሰው ቋንቋ ስለሚደባለቅ ነገር ይድበሰበሳል ይላሉ። ይህን ተቃውሞ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ልጆቻችን ውድቅ አድርገውልናል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከሆሳዕናና ከዱራሜ ዙሪያ ወደዚያ የተሻገረው ወጣት ብዙ ነው፤ ሥራውም በአመዛኙ «ሎኬሽን» በሚሏቸው ሰፈሮች ቤት ለቤት ብርድ ልብስና አልጋ ልብስ በዱቤ መሸጥ፣ ሲደላደልም ትንሽ ሱቅ መክፈት ነው። ዝርፊያና ግድያ ባለበት ቦታ፣ መንገድ ላይ በተለቀመ ዙሉ ወይም ሶቶ፣ ዕቃው ስንት እንደሆነ፣ በስንት ጊዜ ተከፍሎ እንደሚያልቅ፣ ለቀሪው ሒሳብ የትኛው ቀን እንደሚመለስ ተናግሮ ያስማማል። ቋንቋውን ሳይጨርስ ንግዱን ጀመረ፤ ቁጥሩን፣ የቀኑን ስምና «አይሆንም»ን አስቀድሞ አውቋልና። የዚያ ልጅ ገንዘብ ሆሳዕና ላይ ፎቅ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስልክ ደውሎ ሥራው የት ደረሰ ይላል፤ «ጥሩ ነው፣ እየሄደ ነው» ይባላል። ፌሮው ገብቷል? «ይገባል።» ሁለተኛው ወለል አርማታ መቼ ይሞላል? «አታስብ።» ሰውዬው ግን የሚያስበው ገንዘቡን ስለላከ ነው።

ምርምራችን ያደረሰን እዚህ ነው፦ ድብስብስ ንግግር የባህልም የቋንቋም ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ ጉዳይ ነው። በእቁብ ላይ ቁርጥ ያላደረገ ሰው ራሱ ይከስራል፤ በሎኬሽን ቀኑን የሳተ ሻጭ ዱቤውን ያጣል። ሱቅና ቢሮ ውስጥ ግን የድብስብሱን ዋጋ የሚከፍለው ሰሚው ነው። ከጃጁራ ወይም ከሆመቾ መኪና ተሳፍሮ ሆሳዕና የገባ ገበሬ «ማክሰኞ ብቅ በል» ሲባል ተናጋሪው ያወጣው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ሰሚው የደርሶ መልስ ሒሳብ፣ አንድ የሥራ ቀንና ምሳ ያወጣል። ስለዚህ ዋናው ድንጋጌያችን አንድ ነው፦ ያመላለሰ ይክፈል። ቀን ቆርጦ ያልተገኘ፣ ወይም ቀን ሳይቆርጥ ሰው ያስመጣ፣ የመኪናውን፣ የባጃጁንና የምሳውን ይሸፍናል። ምሳው በመደበኛ ቆጮ ይታሰባል፤ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ክትፎ ወይም አታካና ያዘዘ ልዩነቱን ከኪሱ ይጨምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይሉኝታ ነው። ሰውን ፊት ለፊት «የለም» ማለት ነውር ነው ይባላል፤ ዝም ማለት ወይም «እንነጋገራለን» ማለት ይሻላል። የሰውን ፊት ማክበር ደግ ነገር መሆኑን ይህ አዋጅ ይቀበላል። ነገር ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በአራተኛው «የለም» የተባለ ሰው ከመጀመሪያው ቀን እምቢታ ይልቅ ተዋርዷል፤ በዚያ ላይ ሌላ ቦታ የሚያገኘው ዕድል አልፎታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር በመርህ ደረጃ ከደነገገ ዘመናት አልፈዋል። እኛ ዘንድ ግን ዝም ያለ ነጋዴ ተስማምቷል ተብሎ ቤት ይሠራበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል። እምቢታ በለሰለሰ ቃል ሊነገር ይችላል፤ ቡናም ሊቀርብበት ይችላል። በዚያው ቀን መነገር ግን አለበት።

የግንባታ ዕቃ ነጋዴዎች ደግሞ ዋጋ በየሳምንቱ እየተለወጠ እንዴት ቁርጥ እንናገራለን ይላሉ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ተራ ሰበብ እንዳልሆነ እንረዳለን። መፍትሔው ግን በየመሳቢያቸው አለ፦ ፕሮፎርማ ሲሞሉ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ይጽፋሉ። ለመንግሥት ጨረታ የሚጽፉትን ለገበሬው በቃል ይንገሩት፤ «እስከ ሐሙስ በዚህ ዋጋ፣ ከሐሙስ በኋላ አላውቅም» ማለት የተሟላ ንግግር ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዋጋ በሚታይ ቦታ እንዲለጠፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ማዘዙንም እናስታውሳለን፤ የማዘዙንና የመፈጸሙን ርቀት ለመለካት ግን ሜትራችን አልበቃም። ክርክር ይቀራል ብሎ የሚሰጋ ካለ አይስጋ። ቅናሽ መጠየቅ መብት ነው፤ የምንከለክለው ከምን ላይ እንደሚቀነስ ሳይታወቅ መቀነስን ነው።

ስለ ደብዳቤ በአጭሩ። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ሲመሠረት የቢሮዎቹ መቀመጫ ከሆሳዕና ሌላ በሌሎች ከተሞችም ስለተከፋፈለ፣ ከከተማ ከተማ የሚዞረው ወረቀት በዝቷል። «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» የሚል ደብዳቤ ከእንግዲህ አይመዘገብም፤ ምን ዓይነት ትብብር፣ ስንት፣ እስከ መቼ የሚለው እዚያው ጉዳዩ ላይ ይግባ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለው ሐረግ ሙከራው ከሽፎ ስለቆየ ተሽሯል። በቴሌግራም የተላከ መልእክትም ቃል ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዋጋ ሰጥቷልና፣ አንብቦ አውራ ጣት ብቻ የመለሰ ሰው ምን ለማለት እንደፈለገ በጽሑፍ ያብራራ።

ይህ አዋጅ ከሚመጣው ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ጆሃንስበርግ ላላችሁ፣ በግድግዳችሁ ሰዓት 1:00 ሲል ማለት ነው።