ወጣቱን ወክዬ

በእኛ አገር ስብሰባ ላይ ፈጽሞ የማይቀር አንድ ሰው አለ፤ «ወጣቱን ወክዬ» የሚለው ሰው። አርባ ምንጭም ላይ አለ። ሲቀላ ብትሰበሰቡ ታገኙታላችሁ፤ ሴቻ ብትወጡ ቀድሟችሁ ደርሶ ከፊት ተቀምጧል። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፣ የበኩር ልጁ ስምንተኛ ክፍል ናት፣ የሚነበብ ነገር ሲመጣ መነጽሩን ከደረት ኪሱ ያወጣል። ተራው ሲደርስ ተነሥቶ ጉሮሮውን ይጠርግና «እኔ እንግዲህ ወጣቱን ወክዬ ለማለት የምፈልገው» ብሎ ይጀምራል። ወጣቱ ራሱ በዚያች ሰዓት በሲቀላና በሴቻ መካከል ባጃጅ ያመላልሳል፤ ወይም ሙዝ ይጭናል፤ ወይም ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኮምፒዩተር ቤት ቁጭ ብሎ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ያትማል።

ሰውየው ላይ አትፍረዱ። ወረቀቱም ቢሆን ከእሱ ጋር ነው። በ1996 የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። በ2009 የመጣው ባለ 10 ቢሊዮን ብሩ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ግን እስከ 34 ዓመት ላለው በሩን ከፈተ። የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር ደግሞ አንድ ዓመት መረቀና 35 አደረሰው። ስለዚህ አንድ ሰው በፖሊሲው ጎልማሳ፣ በብድሩ ወጣት፣ በቻርተሩ ገና የአንድ ዓመት ቀሪ ያለው ሆኖ በአንድ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ በላይ የሆነውን «በልቡ ወጣት ነው» ብለን እናሳልፈዋለን። ልቡን ገልጦ ያየ የለም።

እውነተኞቹ ወጣቶችስ አይጠሩም? ይጠራሉ እንጂ! አጠራራቸው ነው የሚደንቀው። ስብሰባው ነገ ጠዋት ሊሆን ዛሬ ማታ ስልክ ይደወላል። «ስማ፣ ነገ አሥር ልጆች ይዘህ ና፤ ሦስቱ ሴቶች ይሁኑ።» የእድር ወንበር እንኳን የሚጠራው እንዲህ በቁጥር ነው። ልጁ ነገሩን ጠንቅቆ ለማወቅ «አጀንዳው ምንድን ነው ጋሼ?» ቢል፣ «አንተ ብቻ ና፣ እዚያው ታየዋለህ» ይባላል። የሚፈለገው ለሪፖርቱ ነው። ሪፖርቱ ላይ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር የሚሉ ዓምዶች አሉ፤ ከጎናቸው «ወጣት» የሚል አንድ ጠባብ ዓምድ ተጨምሯል። ያ ዓምድ ባዶ ከሆነ ከላይ ያለው ይቆጣል። ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ልጁ አፍ አያስፈልገውም፤ ስሙን ጽፎ መፈረሙ ይበቃል።

የተጠራው ለሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ስብሰባው የሚጀመረው አራት ሰዓት ላይ። የአርባ ምንጭ ፀሐይ በአራት ሰዓት የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ምን እንደምትሠራ የቆላ ሰው ያውቀዋል። ከፊት፣ በጨርቅ የተሸፈነው ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባና የታሸገ ውሃ ተደርድሯል፤ ውሃው ለመድረኩ ነው፣ ላቡ ለቤቱ። አባቶች ከፊት፣ እናቶች ከጎን ይቀመጣሉ። ወጣቶቹ ከኋላ በሩ አጠገብ ናቸው፤ አንዱ እግራቸው ውስጥ፣ አንዱ ውጭ።

ከዚያ የመክፈቻ ንግግር ይመጣል። «ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ ነው!» ጭብጨባ። እኔን የሚገርመኝ ይህች «ነገ» ናት። የልጁ አባት በ1972 የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ሲቋቋም አዳራሽ ውስጥ ቆሞ ይህንኑ ሰምቷል፤ «ነገ ትረከባለህ» ተብሎ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቶ ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጧል፤ ርክክቡ ገና ነው። እሱ ግን «የዛሬ ልጅ ስብሰባ አይወድም» ብሎ ጎረቤቱን በክርኑ ነካ ያደርጋል። እሱስ ይወድ ኖሯል? በዚያን ጊዜ ቀበሌው ስኳሩን በኩፖን፣ ጤፉን በኮታ የሚሰጥ ስለነበረ ከስብሰባ መቅረት ቁርስ ላይ ይታወቅ ነበር። ስብሰባ ወዳድ የሚመስል ትውልድ ሁሉ በነፃ ፈቃዱ የተሰበሰበ አይደለም።

ሦስት ንግግርና አንድ የአፈጻጸም ሪፖርት ካለፈ በኋላ «ቤቱ ጥያቄ ካለው» ይባላል። ካለው የጊዜ እጥረት አንጻር አምስት እጅ ብቻ። አራቱን አባቶችና የእኛ «ወጣቱን ወክዬ» ይወስዷቸዋል። አምስተኛው ከበሩ አጠገብ ለተነሣ ልጅ ይደርሳል። ልጁ የተዘጋጀበት ነገር የለም፤ የሚያውቀውን ይጠይቃል። «በአርባ ምንጮች ስም የምትጠራ ከተማ ውስጥ እየኖርን የእኛ መንደር ቧንቧ ለምን ይደርቃል? ባለፈው ክረምት የተቆፈረው የጎርፍ መውረጃስ መቼ ይከደናል? ትናንት ማታ አንድ ባጃጅ ገብቶበታል።» መድረኩ ይጽፋል፤ ወይም የሚጽፍ ይመስላል። መልሱ «የተነሣው ጥያቄ ተገቢና ወቅታዊ ነው፤ በሂደት የሚፈታ ነው፤ ከአቅማችን በላይ የሆነውን ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» የሚል ነው። ልጁ ይህን ጊዜ ጥፋት ያጠፋል፤ ሁለተኛ ይናገራል። «የሚመለከተው አካል ዛሬ አልተጠራም እንዴ?» አዳራሹ ይስቃል። ሰብሳቢው ግን አይስቅም። «ወጣቶች ሥነ ሥርዓት ብትይዙ ጥሩ ነው» ይላል፤ ከፊት ያሉት ራሳቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ለዚያ ልጅ ኃላፊነት ይሰጠዋል፤ ቃለ ጉባኤ ያዥ ይሆናል። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ኮምፒዩተርም ያውቃል ተብሎ ነው። ሰው ሁሉ እንደ ሹመት ያይለታል። እኔ ግን ከዚህ የረቀቀ ዝም ማሰኛ አላየሁም፤ እየጻፈ ያለ እጅ አይነሣምና። የአቋም መግለጫውንም እሱ ነው የሚያነበው፤ የሚያነበው ግን ትናንት ማታ ተጽፎ ያለቀውን ነው። «እኛ የስብሰባው ተሳታፊዎች በዛሬው ዕለት ባደረግነው ጥልቅ ውይይት» ይላል፤ ውይይቱ ከመጀመሩ በፊት ጥልቀቱ ተለክቶ አልቋል።

ለወጣቱም ቢሆን አላዳላም። አንዳንዱ ገና በር ላይ «አበል አለው?» ብሎ ነው የሚገባው። የለም ከተባለ ድንገት የታመመ ዘመድ ትዝ ይለዋል። ሌላው ንግግሩን በስልኩ እየቀረጸ ሙዚቃ ሊጨምርበት ያስባል። ማይክ እጁ ሲገባ ደግሞ ማታ ቴሌግራም ላይ አገር ያፈረሰው ጀግና «ከእኔ በፊት የተናገሩት ብለውታል» ብሎ ይቀመጣል። ቀበሌው ለምን የጎርፍ መውረጃውን አይከድንም ብሎ ሦስት ቀን ሲሳደብ የከረመ ሰው በአራተኛው ቀን «አንተ ጠይቅልኝ» እያለ ጓደኛውን ይገፋል።

ነገር ግን ይኸው ልጅ ስብሰባ አያውቅም የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። የባጃጅ ልጆቹን ተመልከቱ። ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ይቆማሉ፤ ተራ ያፈረሰው ማን ነው፣ ቅጣቱ ስንት ይሁን፣ አደጋ የደረሰበት ጓደኛ ምን ያህል ይዋጣለት? ዘግይቶ የመጣ ይከፍላል እንጂ አይከፈለውም። ይጨቃጨቃሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ ከዚያ ይወስናሉ፤ የተወሰነው በዚያው ቀን ከሰዓት ይፈጸማል። የእግር ኳሱንም እዩ። «አዞዎቹ» የሚባለው የከተማው ክለብ ሲጫወት ስታዲየሙን የሚሞላው ይኸው ትውልድ ነው። አርባ ምንጭ ከተማ ከተሸነፈ ስለ አሰልጣኙ፣ ስለ ተቀያሪው፣ ስለ ክለቡ ገንዘብ አያያዝ ሳይቀር የሚሰጠውን ትንታኔ ብትሰሙ የከተማው በጀት ለምን ለእነዚህ ልጆች ቀርቦ አይመረመርም ትላላችሁ። ወሬው የሚያልቀው ሌሊት ነው፤ አቴንዳንስ የሚያዞር የለም።

እንዲያውም አርባ ምንጭ ያለችበት ጋሞ ስለ ስብሰባ የሚያስተምር እንጂ የሚማር አገር አልነበረም። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፣ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል በሚያይ ቋጥኝ ላይ ኦቾሎ የሚባል መንደር አለ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ማርክ አቤሌስ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ የሰው ልጅ ባህል አጥኚ እዚያ ወጥቶ ተቀመጠ። ያየው ዱቡሻ የሚባለውን ጉባኤ ነው። ሰው በአደባባይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በምርቃት ጀምሮ የአገሩን ጉዳይ እስኪስማማ ድረስ ይነጋገራል፤ ዛሬ ካልተስማማ ለሌላ ቀን ይቀጥራል። ሰውየው ስለዚህ መጽሐፍ ጻፈ። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ ምን ቢያጠና ጥሩ ነው? የፈረንሳይን ብሔራዊ ምክር ቤትና የአውሮፓን ፓርላማ! በእኛ በኩል ግን ነገሩ ተገለበጠ። እሱ ከዱቡሻ ተነሥቶ ፓርላማ ሲገባ፣ እኛ ዱቡሻውን ለቱሪስት ብሮሹር ትተን ከቆርቆሮው ሥር ገባን።

ዱቡሻው ጉድለት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት ሴቶች ቃል አልነበራቸውም፤ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂውም ተገፍቶ ይኖር ነበር። ይህን ሸፍኖ «የአባቶቻችን ዴሞክራሲ» እያሉ ማዜም ራሱ ሌላ ትዝብት ይወጣዋል። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ስብሰባው የሚወስነው ነገር ነበር። ሰው የሚሄደው ስለሚወሰንበት ነው።

በመስከረም 2011 የሆነውን ደግሞ አገር ሁሉ አይቶታል። በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ግፍ ተፈጽሞ የሞትና የመፈናቀል ወሬ ሲሰማ፣ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ነደደ፤ ለበቀል ወጣ። የዚያን ቀን ማንም በስልክ «አሥር ልጆች ይዘህ ና» አላለም። አባቶች ራሳቸው ወጣቱ ወዳለበት መጡ፤ እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። በባህሉ ሣር ይዞ የተንበረከከ አባት ላይ ተራምዶ አይታለፍም። ያ ትልቅ ስብሰባ ነበር፤ ባነር የለው፣ ማይክ የለው፣ የታሸገ ውሃ የለው። «ወጣቱ አይሰማም» የሚለውን ክስ ያቺ ቀን ብቻዋን ታፈርሰዋለች። ከዚያ ወዲህ አባቶቹን በየመድረኩ ሸለምን፤ ደግ አደረግን። የተመለሰውን ወጣት ግን የሸለመ አላየሁም። መመለስም እኮ ሥራ ነው፤ በተለይ ወገንህ ተገድሎ።

ወጣቱን ውሳኔ ላይ ለማሳተፍ ሌላው ዓለም ዘዴ አላጣም። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ከቀበሌ ጋር የሚቀራረቡ የሰፈር ቦርዶች አሉ፤ እያንዳንዱ እስከ 50 አባል ይይዛል። በእኛ አቆጣጠር በ2006 በወጣ ሕግ ከእነዚህ መካከል እስከ ሁለቱ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች እንዲሆኑ ተፈቀደ። ከ50 ሁለት! ብዙ አይደለም፤ እንዲያውም ያስቃል። ግን ሁለቱ ሙሉ አባል ናቸው፤ ድምፅ ይሰጣሉ፣ ድምፃቸው ይቆጠራል።

እኛ ዘንድ መምረጥ በ18፣ መመረጥ በ21 ዓመት ነው። ይህ ሕግ ምንም አይወጣለትም። ያስቸገረው የቀን መቁጠሪያው ነው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ በመላ አገሪቱ ከሦስት ሚሊዮን የሚበልጥ የምክር ቤት ወንበር ነበር፤ አንድ ቀበሌ ብቻውን እስከ 300 አባል ይይዝ ስለነበረ ከአዳራሹ ወንበር የምክር ቤቱ ይበዛ ነበር። ሁሉንም ማለት በሚቻል ደረጃ ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ ወሰዱት። የሚቀጥለው በ2010 ሊደረግ ነበር፤ ተራዘመ፤ እንደተራዘመ ነው። ክልል ፈርሶ ክልል ተሠርቷል፣ ጋሞና ጎፋ ተለያይተው ሁለት ዞን ሆነዋል፣ የፓርቲው ስም ተቀይሯል፤ የቀበሌው ምርጫ ግን አልመጣም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እናስላ። ያን ጊዜ ለመመረጥ ዝቅተኛው ዕድሜ 21 ከነበረ፣ በዚያ ምርጫ ገብቶ እስካሁን ያለ የመጨረሻው ልጅ አባል ዛሬ 33 ዓመት አልፎታል። በ1996ቱ ፖሊሲ መሠረት እንግዲህ በድምፅ ተመርጠው ከገቡት የቀበሌ ምክር ቤት አባላት መካከል አንድም ወጣት ሊኖር አይችልም። ያን ጊዜ በ18 ዓመቱ ካርድ የወሰደውም ሠላሳን ተሻግሯል። ዛሬ ፖሊሲው ወጣት ከሚለው ሰው መካከል የቀበሌውን ምክር ቤት የመረጠ የለም፤ አንድም።

እንግዲህ የየቀበሌው ሰብሳቢዎች ሆይ፣ «ወጣቱ ለምን አይመጣም?» የሚለውን አጀንዳ ለጊዜው ከዝርዝሩ አውጡት። «ወጣቱን ወክዬ» የሚሉትን ወንድማችንንም አትንቀፏቸው፤ ያለ ምርጫ ስንቱን ዓመት ብቻቸውን ሲወክሉ ደክሟቸዋል፣ ይረፉ። ምርጫው መቼ እንደሚደረግ ግን ጠይቁልን፤ ለሚመለከተው አካል።