ወላጅ አምጣ

መምህሩን በዓመት አንድ ቀን፣ መስከረም ማብቂያ ላይ፣ «የቀለም አባት» እያልን እናሞግሳለን። ሠርተፊኬትም እንሸልማለን፤ አከራዩ ግን እስካሁን በሠርተፊኬት ኪራይ መቀበል አልጀመሩም። ቅጣቱስ? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ አድርጓል፤ እሰየው! መምህሩን አርጩሜውን ያስጣለው አለ እንጂ በምትኩ ምን እንደሚያደርግ በወጉ የነገረው የለም። ስለዚህ የቀረችው «ወላጅ አምጣ» ናት። ተማሪውም ታዛዥ ነው፤ ከመንገድ ዳር በሻይ ሒሳብ «አጎት» ተከራይቶ ከች ይላል። አጎት ተብዬው ከእውነተኛው ወላጅ ይብሳል፦ ይቆጣል፣ ጆሮ ይቆነጥጣል፣ ሲወጣም «አይዞዎት መምህር፣ በርቱ» ይላል። ዓመቱን ሙሉ በአካል መጥቶ መምህሩን ያበረታታ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ተከፍሎት።