አብሽ ጠጣ

ታማሚ የሚጠየቀው «እግዜር ይማርህ» ለማለት ነበር። እኛ አውስትራሊያ፣ ሜድስቶን ውስጥ ጠያቂው ሁሉ መድኃኒት አዋቂ ነው። ሪህ አውራ ጣቴን ይዞት፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ዋይ ካሰኘኝ ወዲህ፣ አንዱ ገና ጫማውን ሳያወልቅ «አብሽ ጠጣ» ይላል። ተከትሎት የገባው ደግሞ «ሽሮ ተው፤ ጥራጥሬ ነው የሚያስነሳው» ይላል። አብሽ የባቄላና የምስር ዘመድ መሆኑን የነገራቸው የለም።

አብሹንማ ጠጥቻለሁ። የጎረቤቴ እናት ዱቄቱን ማታ ዘፍዝፈው፣ ጠዋት ከላይ ያቀረረውን መራራ ውኃ ደፉና አረፋ እስኪሆን መቱት፤ ማር ጨመሩበት። ግሩም ነው። ላቤ ሳይቀር አብሽ አብሽ ሸተተ። ጣቴ ግን አልሰማም።

አንድ ጎጃሜ ወዳጄ ግብጦ አዘዘልኝ፦ ተቆልቶ፣ ምሬቱ እስኪለቅ ቀናት ውኃ ውስጥ የሚሰነብተውን። አውስትራሊያ በግብጦ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ናት፤ አብዛኛው ከምዕራቡ ክፍል ይመጣል፤ የሚበሉት ግን በዋናነት ከብትና በግ ናቸው። «በጉ ግብጦውን ከበላ፣ እኔ በጉን ከበላሁ፣ መድኃኒቱ ደርሶኛል ማለት ነው» አልኩት። አልሳቀም። ጓያ ብቻ ያዘዘልኝ አልተገኘም፤ እሱስ ሲበዛ እግር እንደሚያሽመደምድ ደምቢያና ፎገራ ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ2004 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ፣ 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ሪህን ከሥጋና ከባሕር ምግብ ጋር አገናኝቶ አተርና ምስርን በነፃ አሰናብቷል። ተጠርጣሪው የዓርብ ሽሮ ሳይሆን የቅዳሜ ቁርጥ ነው። እዚሁ አጠገባችን ፉትስክሬይ ለጥሬ ሥጋ ሲጠሩኝ ግን «ሪህህስ?» ያለኝ የለም።

ይሁን፤ ይህንም ችያለሁ። የማልችለው «የፈረንጅ ኪኒኑን ጣለው» የሚለውን ነው። አሎፑሪኖል ዩሪክ አሲዱን ዝቅ አድርጎ ለማቆየት በየቀኑ የሚዋጥ ነው፤ ጣት ሲሻለው የሚጣል አይደለም። አስጥሎኝ የሄደው ሰው ሌሊት ስጮህ አጠገቤ የለም! የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንትን ያለ ልክ አብሽ መጋትማ፣ ስኳራቸውን ከልክ በታች ሊያወርደው ይችላል። ይህ ድፍረት እንጂ ምክር አይባልም።

ደግሞ ደጎች ናቸው፤ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። የቁም ሳጥኔ መደርደሪያ በአብሽ ዱቄት ተጨናንቋል፤ ለፍልሰታ ጾም ሳይተርፍ አይቀርም። ለመሆኑ ፋሲካን ያለ ዶሮና ያለ በግ እንዴት እንደሚያሳልፉት የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ አብሽ የሚገባበት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።