ሄድን፣ በላን፣ ተመለስን

እስራኤል ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጁላይንና ኦገስትን ዘግተው ሴፕቴምበር 1 ይከፈታሉ። እኔም ኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት ሰፈር ውስጥ ለቤተ እስራኤል ልጆች ከሰዓት በኋላ አማርኛ ስለማስተምር፣ ከአገር ቤት ይዤው የመጣሁትን የመስከረም ቅጣት አወርድባቸዋለሁ፦ «ዕረፍታችሁን እንዴት አሳለፋችሁ? ጻፉ!»

ሁሉም የሚጽፉት አንድ ድርሰት ነው። ኤይላት ሄድን። ዋኘን። ፒዛ በላን። ተመለስን። ኬፍ ነበር። «ኬፍ»፣ ማለትም በዕብራይስጥ ደስታ፣ የሌለበት ወረቀት ካየሁ ልጁ ታሞ ከርሟል ማለት ነው። ከኢየሩሳሌም ኤይላት 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ እነሱ ዘንድ ግን በአንድ አራት ነጥብ ይደረሳል።

አንዲት ተማሪዬ ከቤተሰቧ ጋር ጎንደር ደርሳ መጣች። ጎሽ፣ ዘንድሮስ የሚነበብ ነገር አገኘሁ ብዬ ወረቀቷን ብገልጠው፣ የፋሲል ግንብ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደተሠራና በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ እንደተመዘገበ ይተርካል።

«ይኼንን ኢንተርኔቱም ያውቀዋል። አንቺስ ምን ገጠመሽ?»

«ምንም።» ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «የእማዬ አጎት ብቻ ስሞ ስሞ አይጠግብም። ጢሙ ይዋጋል። አለቀ ብዬ ጉንጬን ስጠርግ እንደገና ከቀኝ ጀመረ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ታዲያ ይኼን ለምን አልጻፍሽውም?

«ጋሼ ደግሞ! ታሪኩ እኮ ግንቡ ነው።»

ስለ ጽሕፈት ለመስበክ ታልፒዮትን የመሰለ ሰፈር የለም። በ1966 የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን የተጋራው ሽሙኤል ዮሴፍ አግኖን የኖረው እዚሁ ነው፤ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። የመኪና ጫጫታ አላሠራ ቢለው መንገዱ ለተሽከርካሪ ተዘግቶ፣ ደራሲ ሥራ ላይ መሆኑን የሚያስታውቅ ምልክት ተተከለለት ይባላል። (የዛሬውን የታልፒዮት ጋራዥና የጭነት መኪና ቢሰማ ኖሮ ምልክቱን ነቅሎ ይሰደድ ነበር።) ይህን ስነግራቸው አንዱ እጁን አወጣ፤ «ለታናሽ ወንድሜም ምልክት ይተከልልኛል?»

ይኸው ልጅ ነው «የትም አልሄድኩም፣ ምን ልጻፍ?» ብሎ ባዶ ወረቀት የሰጠኝ። ስጨቀጭቀው፣ ሙቀቱ ሲበረታ አያቱን ይዞ ኤር ኮንዲሽነር ፍለጋ ካንዮን፣ ማለትም የገበያ ማዕከል፣ መዋሉን አመነ። በር ላይ ጥበቃው የእኛው ልጅ ነው። «እማማ፣ ቦርሳዎን ይክፈቱልኝ» ይላል። አያት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦርሳውን ከፈቱና፣ «ርቦህ ነው እንዴ ልጄ?» ብለው ቆሎ ዘገኑለት። እንግዲህ ጥበቃው ምን ያድርግ? በአንድ እጁ መፈተሻ መሣሪያውን፣ በሌላው ቆሎውን ይዞ ቀረ። ሰልፉ ቆመ። ከኋላ የነበሩ ሩሲያዊ ሽማግሌ፣ የመግቢያ ሥርዓት መስሏቸው ነው መሰል፣ እሳቸውም መዳፋቸውን ዘረጉ።

«ሂድና ይኼንኑ ጻፍ፤ ከዚያ ለአያትህ አንብብላቸው» አልኩት።

በሳምንቱ ኩርፊያውን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ አያቴ በ1984 ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሯ ነው የሄደችው። አንብቤላት ሳልጨርስ ‹መንገዱስ? መንገዱን የት አደረስከው?› አለችኝ። ደረጃውን፣ የጎረቤት ውሻውን፣ አውቶቡሱ ውስጥ ቦታ የለቀቀላትን ሰውዬ ሁሉ አስጻፈችኝ።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«ምን ጥሩ ነው! ካንዮን ሳንደርስ ደብተሬ አለቀ።»